ልብሱ ደረቀ፣ ውሃውስ የት ሄደ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ "የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር። በረንዳ የለንም፣ ማድረቂያ ማሽንም የለንም። ዝናብ ሲሆን ልብሱን ቤት ውስጥ ነው የማሰጣው። ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ደርቆም ይሸታል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ጠቁሯል። ባለቤቴ መስኮት ክፈቺ ይለኛል፣ እኔ ግን በዝናብ መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው እላለሁ። ሂተር ልግዛ ወይ?"

እህቴ፣ ሂተሩን ለጊዜው ተይው። የመስኮቱን ክርክር ደግሞ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ፣ ባለቤትሽ ይህን የሚያነብ ከሆነ አይቸኩል።

ሥራዬ የቤት እርጥበት ነው። "ግድግዳዬ ሻገተ" ብሎ የጠራኝ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጣሪያው ወይም ወደ ቧንቧው አይደለም፤ ልብስ የት እንደሚሰጣ ነው የማየው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ካልሲና አንሶላ ተሸክሞ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልብስ ደረቀ ስንል ውሃው የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም። ከልብሱ ወጥቶ አየሩ ውስጥ ገባ እንጂ እዚያው ቤትሽ ውስጥ ነው ያለው፣ እናንተ የምትተነፍሱት አየር ውስጥ። መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ እዚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ "የት ላስጣ?" ከማለትሽ በፊት "ውሃው በየት ይውጣ?" በዪ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥር የማትወጂ ከሆነ ዝለይው፣ እኔ ግን አመሌን የቀየርኩት ይህን ሂሳብ ከሠራሁ በኋላ ነው። 5 ኪሎ ደረቅ የጥጥ ልብስ አጥበሽ በእጅ ስትጨምቂው የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፣ 5 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ማሽን በደቂቃ 1000 ዙር ካሽከረከረው 3 ሊትር አካባቢ ይቀራል፣ በ1400 ዙር ደግሞ ወደ 2.5 ሊትር ይወርዳል። አሁን ወደ ክፍልሽ እንምጣ። 3 በ4 ሆኖ ከፍታው 2.5 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ኩብ አየር አለሽ። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይሸከማል። ክፍሉ በሙሉ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳን 520 ግራም ቢሆን ነው፣ ግማሽ ሊትር በይው። ያውም አየሩ ባዶውን አይጠብቅሽም፤ በትንፋሽ፣ በማብሰል፣ በሻወር ግማሹ ቀድሞ ተይዟል። የቀረሽ ቦታ 260 ግራም ነው። አንቺ ደግሞ 3 ሊትር ልታስገቢበት ነው! የክፍሉ አየር ከአሥር ጊዜ በላይ ወጥቶ በሌላ አየር ካልተተካ ይህ ሂሳብ አይዘጋም። ሦስት ቀን የፈጀብሽም ለዚህ ነው፣ ልብሱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ካላመንሽኝ ሚዛን ፈልጊና ልብሱን እርጥብ እንዳለ መዝኚው፣ ሲደርቅ ድገሚው። ልዩነቱ ስንት ኪሎ ከሆነ ያን ያህል ሊትር ውሃ ቤትሽ አየር ውስጥ ገብቷል።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥቁር ነገርም የዚሁ ታሪክ መጨረሻ ነው። እንደምገምተው ያ ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ነው፣ ከሌላው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ቁም ሳጥኑ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት ስለሚከልልበት ይብስበታል። እርጥቡ አየር እየሾለከ ከኋላው ይገባል፣ ቀዝቃዛው ላይ ሲደርስ መሸከም ያቅተውና ውሃውን ይጥላል። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ስታደርጊ ከውጭ በኩል እንደሚያልበው ማለት ነው። ግድግዳውም ያልባል፣ ላቡን የሚጠርግለት ነፋስ የለም፣ ሻጋታ ይበቅላል።

እና ሂተሩ? ሂተር አየሩን ሲያሞቀው የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። በ30 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ድረስ ይችላል። ልብሱም ቶሎ ይደርቅልሻል፣ አልዋሽሽም። ግን መስኮቱ ዝግ ከሆነ ያ ሁሉ ውሃ ማታ ሂተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ግድግዳውና መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ውሃውን ከካልሲ አውጥተሽ ለግድግዳ አስተላለፍሽው እንጂ ከቤት አላስወጣሽውም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሏል ይህ ነው፣ በመብራት ሂሳብ ታጅቦ። ሂተር የሚጠቅመው አየሩ መውጫ ሲኖረው ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ማስጫው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ከልብሱ በጉልበት የወጣ ውሃ ወደ አየሩ አይገባም፣ ወደ ፍሳሽ ነው የሚሄደው፣ በቃ ተገላገልሽ። ማሽን ካለሽ ማጠቡን ሲጨርስ ስፒኑን፣ ልብሱን አሽከርክሮ ውሃ የሚያስወጣውን ማለቴ ነው፣ ለብቻው አንድ ጊዜ ድገሚው። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የሚበላው መብራትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ በሙቀት ለማትነን ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይጠይቃል፣ ስፒን ያንኑ ውሃ የዚያን ቁራሽ በማታህል ጉልበት ያወጣዋል። ዙሩንም ልብሱ እስከቻለ ከፍ አድርጊው። ስስና ሱፍ ነክ ነገሮችን ግን ለይተሽ አውጪ፣ በኋላ "አንተ ነህ ያልከኝ" እንዳትዪኝ።

በእጅ የምታጥቢ ከሆነ የፎጣውን ዘዴ ያዢ። ጨምቀሽ የጨረስሽውን ልብስ ደረቅ ወፍራም ፎጣ ላይ ዘርጊው፣ ፎጣውን ከነልብሱ እንደ ምንጣፍ ጠቅልይው፣ ከዚያ በጉልበትሽ ተንበርከክሽ ተጫኚው ወይም በባዶ እግርሽ ቁሚበት። ልጅ ካለሽ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም፣ በደስታ ነው የሚዘልበት። ፎጣው የጠጣውን ውሃ ስታዪ ትገረሚያለሽ። ለሹራብማ ከመጠምዘዝ ይሻላል፣ ቅርጹ አይበላሽም። ፎጣውም በተራው መድረቅ አለበት፣ እሱን አልክድም፣ ግን አንድ ፎጣ ማድረቅ አራት ሸሚዝ ከማድረቅ ይቀላል።

ሌላው፣ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ቀን ማጠብ ተዪ። ትልቅ ቤትና ትልቅ ግቢ ላለው ሰው ጥሩ ልማድ ነው፣ ለ30 ሜትር ኩብ ግን አይሆንም። አሥር ኪሎ በአንዴ ከማስጣት አራት ጊዜ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሻላል፣ ምክንያቱም ክፍሉ በቀን ማስወጣት የሚችለው የውሃ መጠን አለው፣ ከዚያ በላይ ስትጭኚበት ሁሉም ልብስ እኩል ሳይደርቅ እኩል ይሸታል።

አሁን ማስጣቱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። የመጀመሪያዋ ጠባብ ክፍሌ ውስጥ አንዷን ማስጫ እስክትጎብጥ እጭናት ነበር፣ ጂንስ በጂንስ ላይ፣ ከዚያ ጥግ አስይዤ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ክፍሉ እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸት ነበር። እርጥብ ልብስ ዙሪያውን በእርጥብ አየር ይከበባል፣ ያ አየር ካልተነሳለት እንደ ሁለተኛ ልብስ ተጠምጥሞበት ይቀራል። ስለዚህ በልብስና በልብስ መካከል ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ካልበቃሽ ልብስ ቀንሺ እንጂ ክፍተቱን አትቀንሺ። ረጅምና አጭር እያፈራረቅሽ ስቀዪ፣ ነፋሱ መሽሎኪያ ያገኛል። ማስጫውን ግድግዳ አታስደግፊው፣ ወደ ክፍሉ መሃል አምጪው። ይደናቀፍባችኋል፣ አውቃለሁ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው ቻሉት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርገሽ ገመድ ወጥሪ፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ኮርኒስ አካባቢ ያለ ልብስ ወለል አጠገብ ካለው ቶሎ ይደርቃል፣ መራመጃውም ይተርፍሻል።

ጂንስ ገልብጪው፣ ኪሶቹን ጎልጉለሽ አውጪ፣ ወገቡን ዙሪያውን በመቆንጠጫ ይዘሽ እንደ ቱቦ ተከፍቶ እንዲንጠለጠል አድርጊ። በመሃል አጥፈሽ ገመድ ላይ የጣልሽው ጂንስ አራት ሽፋን ሆኖ ይደራረባል፣ መቼም አይደርቅ። ኮፍያ ያለው ሹራብም አስቸጋሪ ነው፤ ኮፍያውና ጀርባው የሚነካኩበት ቦታ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርቀው፣ ስለዚህ ወደ ታች ዘቅዝቀሽ ስቀዪው ወይም ኮፍያውን በሌላ መስቀያ ለይተሽ ያዢው። አንሶላን በሁለት ገመድ ላይ አራርቀሽ ጣይው፣ መሃሉ እንደ ድንኳን ክፍት ይሁን። ሸሚዝ መስቀያ ላይ ይሁን፣ ያውም ትከሻው ወፈር ያለ መስቀያ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ ገልብጪያቸው፣ የደረቀውን አንሺ፣ ለቀሩት ቦታ ይስፋላቸው። መድረቁን ስትፈትሺ ሜዳውን ሳይሆን ስፌቱን፣ ወገቡን፣ ብብቱን ዳብሺ። ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ ከቀዘቀዘሽ ገና ነው። "ትንሽ ወዝ ቢኖረው ነው" ብለሽ አጥፈሽ ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትሽው ልብስ ሌላውንም ይዞ ይሻግታል።

ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ ከሂተር በፊት ፋን ግዢ። ተራ የጠረጴዛ ወይም የቁም ፋን። ብዙዎቹ 40 ዋት አካባቢ ነው የሚበሉት፣ ሂተር ደግሞ 2000 ዋት ይደርሳል፣ ሃምሳ እጥፍ ማለት ነው። ፋኑን ከጎን አድርገሽ ነፋሱ በልብሶቹ መካከል ሰንጥቆ እንዲያልፍ አነጣጥሪ፣ አንዱን ሸሚዝ ብቻ ፊት ለፊት እንዲመታ አይደለም። አየሩ ሙቅ መሆን የለበትም፣ መንቀሳቀስ ነው ያለበት። ከዚያም ያ የተንቀሳቀሰ አየር መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ እርጥቡን አየር ቤት ውስጥ ማማሰል ብቻ ይሆናል።

በዚሁ ወደ መስኮቱ መጣን። "ዝናብ እየዘነበ የውጭው አየር እርጥብ ነው፣ ለምን አስገባዋለሁ?" ትያለሽ። ስሜቱ ልክ ይመስላል፣ ግን ቀዝቃዛ አየር እርጥብ ቢባልም የያዘው ውሃ ትንሽ ነው። ውጭ 12 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 90 በመቶ ነው እንበል፣ አየሩ በዚያ ሙቀት መሸከም ከሚችለው ውሃ 90 በመቶውን ይዟል ማለት ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር የያዘው ውሃ 9.6 ግራም ገደማ ነው። ቤትሽ ውስጥ 20 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን ደግሞ ወደ 14 ግራም ይዟል። ስለዚህ በዝናብም ቢሆን የቤቱን አየር በውጭው ስትቀይሪ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 4 ግራም ያህል ታስወጫለሽ፣ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ ሲቀየር ከ120 ግራም በላይ። የገባው አየር ቤት ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ እንደገና ይጠማል፣ ከልብሱ ይጠጣል፣ እንደገና ታስወጪዋለሽ። ባለቤትሽ ልክ ነው።

ግን ቀኑን ሙሉ ጭላንጭል ከፍቶ መተው የሚለውን አልደግፍም፤ ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩ ግን በደንብ አይቀየርም። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መስኮቱንም በሩንም ወለል አድርገሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፈቺ፣ ነፋሱ ወዲህ ገብቶ ወዲያ ይውጣ፣ ከዚያ ዝጊ። ግድግዳው ሳይቀዘቅዝ አየሩ ይቀየራል። አንድ መስኮት ብቻ ካለሽ ፋኑን ወደ ውጭ አዙረሽ መስኮቱ አጠገብ አቁሚው፣ እርጥቡን እሱ ይገፋልሻል፤ ዝናብ እንዳያገኘው ብቻ ራቅ አድርጊው። ልጅ ካለ ለዚያች ደቂቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ይግባ።

አንቺ ልክ የምትሆኚበትም ቀን አለ። ውጭው ከቤትሽ ይልቅ ሲሞቅና ወበቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ ውጭ 28 ዲግሪና 85 በመቶ፣ ቤት ውስጥ 25 ዲግሪና 65 በመቶ ከሆነ የውጭው አየር ብዙ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ዝጊ። ለመገመት እንዳትቸገሪ ትንሿን የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ብትገዢ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ዕቃ ናት። ቤት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ሰላም ነው። 70 አልፎ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ሻጋታ መንገድ ላይ ነው።

የራሳችሁ ሻወር ቤት ካላችሁና መስኮት ወይም አየር ማስወጫ ፋን ካለው፣ ይህን ሁሉ ምክር ወደዚያ አዛውሪው። ልብሱን እዚያ ስቀዪ፣ የመኝታውን ክፍል በር ዝጊ፣ ማስወጫውን አብሪ። ከዚህ የተሻለ ቦታ በትንሽ ቤት ውስጥ አላውቅም።

እርጥበት መምጠጫ ማሽን የሚባለው ደግሞ ገንዘቡ ላለው ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው። ውሃውን ከአየሩ ለቅሞ ባልዲው ውስጥ ያጠራቅማል፣ የሚወጣው አየርም ለብ ያለ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልንገርሽ። ሲሠራ መስኮቱም በሩም ይዘጋ፣ አለበለዚያ የዓለሙን አየር ልታደርቂ ተነሣሽ ማለት ነው። "በቀን 20 ሊትር" የሚለው ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት ነው፣ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከዚያ ግማሹን ካገኘሽ ደስ ይበልሽ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ብዙዎቹ በቀን ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ናቸው፣ ለልብስ አይሆኑም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጡት ውሃ መጣጭ ጨዎችም እንደዚያው።

ሽታው ላይ ብዙዎች "ሳሙና አንሶት ነው" ይላሉ። አንዳንዴ እንዲያውም በዝቶበት ነው፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ሽታ ባለቤት አሳውቀዋል፦ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በልብሱ ላይ የቀረውን ላብና ቅባት እየበላ ሽታውን ያመርታል፣ እጥበትንም ድርቀትንም ይቋቋማል። በእርጥበት ላይ የቆየበት ሰዓት በረዘመ ቁጥር ይራባል። ለዚህ ነው በግማሽ ቀን የደረቀ ልብስ የማይሸተው፣ ሦስት ቀን የቆየው የሚሸተው። ሽቶ ያለው ማለስለሻ ጨምረሽ አትሸፍኚው፣ በተለይ ፎጣ ላይ ማለስለሻ ሽፋን እየሠራ ውሃ መጠጣቱን ይቀንሰዋል። ሳሙናውን በልኩ አድርጊ፣ በደንብ አለቅልቂ፣ ማሽኑ እንደጨረሰ ወዲያው አውጪ። የሚችሉትን፣ ፎጣና አንሶላን፣ አልፎ አልፎ በ60 ዲግሪ እጠቢ። የማሽኑን በር ክፍት ተዪው፣ ራሱ ማሽኑም ይሸታልና። በረኪና የምትጠቀሚ ከሆነ ከሆምጣጤ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጊው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አደራ የምልሽ አለ። ልብስ ሂተር ላይ አይጣል፣ አጠገቡም አይሁን፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከሰል ክፍል ውስጥ አቀጣጥሎ ልብስ ማድረቅ የሚባል ነገር አይታሰብ፣ ጭሱ ባይታይሽም ይገድላል። የጋዝ ምድጃም አብርተሽ አታድርቂበት፤ ከእሳት አደጋው ሌላ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ራሱ አንድ ሊትር ተኩል የሚያህል ውሃ አየሩ ውስጥ ይጨምራል፣ ልታደርቂ ገብተሽ ታርሺዋለሽ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ወይም ሳል የማይለቀው ሰው ካለ ደግሞ ማታ የምትተኙበት ክፍል ልብስ አይደር፣ በጠዋት አስጪው።

ጥቁሩን ግድግዳ በደረቅ ብሩሽ አትፈግፍጊው፣ ዘሩ አየር ላይ ይበተናል። አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጊው፣ ጨርቁን ጣይው፣ ግድግዳውን አድርቂው። ሳይደርቅ ቀለም ቢቀባበት ከሥር ተመልሶ ይወጣል። ከአንድ ሜትር ካሬ በላይ ከሆነ ወይም ካጸዳሽው በኋላ ከተመለሰ፣ ያኔ ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ የሚመጣ ውሃ አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል ሰው አስጠሪ። ቁም ሳጥኑ ደግሞ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ መዳፍ ይራቅ፣ ከተቻለ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይዛወር። ከባድ ነው፣ ባለቤትሽ ይጎትተው። ስለ መስኮቱ ልክ ነበርኩ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ማውራቱ ስለማይቀር ዋጋውን በዚያ ይክፈል።